ቆጥሮ የማያሸንፍ ተቃዋሚ

ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር





በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለ ሰሜን አየርላንድ፤ ይልቁንም በዚያች አገር ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ደም ሲፋሰሱ በኖሩበት ዘመን መሣሪያ ሳያነሣ ስለ ታገለው ተቃዋሚ ወገን ለመናገር አስቤአለሁ። ይህን ጉዳይ የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፤ ይህን ወገን ከመሩት ሰዎች ዋና ዋናዎቹ እንደ እናንተና እንደ እኔ ጠመኔ ይዘው በሰሌዳ ፊት የቆሙ መምህራን ስለ ነበሩ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይጠልቃል። ይኸውም፤ በአንድ አገር ሁለት ወገኖች ሲኖሩና አንደኛው በቁጥር አነስተኛ በመሆኑ በምርጫ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ሲሆን፤ ይህ ወገን ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚለውን ከባድ ጥያቄ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በግልጥ ስለሚያሳየን ነው።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አየርላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የኖረች ደሴት ናት። የሕዝቧ አብዛኛው ክፍል ካቶሊክ ሲሆን፤ በሰሜኑ በኩል ግን በ17ኛው መቶ ዓመት ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ አገር መጥተው የሰፈሩ ፕሮቴስታንቶች ተወላጆች በብዛት ይኖራሉ። በ1920 የሎንዶን ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች። ደቡቡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ መንግሥት ሲሆን፤ በሰሜን ያሉት ስድስት አውራጃዎች ከብሪታንያ ጋር እንደ ተጣመሩ ቀርተው የራሳቸውን ምክር ቤት አገኙ። ይህ ምክር ቤት በኋላ መቀመጫውን ያደረገው ከቤልፋስት ከተማ አጠገብ ስቶርሞንት በተባለው ስፍራ ስለ ሆነ፤ በዚሁ ስም ይጠራል።

በእነዚህ ስድስት አውራጃዎች በዚያን ጊዜ ከሦስት ሰው ሁለቱ ፕሮቴስታንት፤ አንዱ ካቶሊክ ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ በአብዛኛው ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት እንዲጸና የሚሹ ስለ ሆኑ «ዩኒየኒስት» ይባላሉ። ካቶሊኮቹ ደግሞ በአብዛኛው የአየርላንድ ደሴት በአንድ መንግሥት ሥር እንድትጠቃለል የሚሹ ስለ ሆኑ «ናሽናሊስት» ይባላሉ። ስለዚህ ጠቡ የሃይማኖት ጠብ ይባል እንጂ፤ ክርክሩ ስለ ቅዳሴና ስለ ጸሎት አልነበረም። ክርክሩ «አገሪቱ የማን ናት?» የሚል ነበር።

አሁን እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። ምርጫ ማለት ሕዝብ አሳቡን ሲለውጥ መንግሥትም የሚለወጥበት መንገድ ነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ገና ሲወለድ ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ የሚታወቅ ከሆነ፤ ምርጫ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ቆጠራ ይሆናል። በሰሜን አየርላንድ የሆነው ይህ ነው። የዩኒየኒስት ፓርቲ ከ1921 እስከ 1972 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ገዛ። ይህም ብቻ አልበቃውም። አነስተኛው ወገን በቁጥሩ መጠን መቀመጫ የሚያገኝበት የምርጫ ሥርዓት በ1922 ከከተማ ምክር ቤቶች፤ በ1929 ደግሞ ከአገሩ ምክር ቤት እንዲወገድ አደረገ። ለከተማና ለወረዳ ምክር ቤት መምረጥ የሚችለው የቤት ግብር የሚከፍል ሰውና የትዳር ጓደኛው ብቻ ስለ ነበሩ፤ ቤት ያልተሰጠው ሰው ድምፅም አልነበረውም። ደሪ በተባለችው ከተማ ከነዋሪው የሚበልጠው ካቶሊክ ሆኖ ሳለ፤ የምርጫ ክልሎቹ በብልሃት የተከፈሉ በመሆናቸው ከከተማው ምክር ቤት 20 መቀመጫዎች 12ቱን ዩኒየኒስቶች፤ 8ቱን ብቻ ናሽናሊስቶች ይይዙ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን ተቃዋሚው ወገን ምን ያደርግ ነበር? የናሽናሊስት ፓርቲ እንደራሴዎች አንዳንድ ጊዜ ምክር ቤቱን ትተው ይወጡ፤ አንዳንድ ጊዜም ይመለሱ ነበር። ተቃዋሚዎች አቅርበውት ሕግ ሆኖ የወጣ ጉዳይ ሲፈለግ ዘወትር የሚጠቀሰው በ1931 የዱር ወፎችን ለመጠበቅ የተደነገገው ሕግ ነው። ለወፎቹ ጎጆ ጥበቃ ተገኘ፤ ቤት ላጣው ሰው ግን አልተገኘም። ፓርቲው በመሪው በኤዲ ማካቲር አማካይነት የሕጋዊ ተቃዋሚነትን ስምና ስፍራ የተቀበለው በ1965 ነው።

በዚህ ዓይነት በተዘጋ በር ፊት ለቆመ ወገን ሦስት መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው፤ «ይህን ቤት አላውቀውም» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ነው። ሁለተኛው፤ በሩን በጠመንጃ መስበር ነው። ሦስተኛው፤ በበሩ ቆሞ ከውስጥ ያለው ሰው ራሱ እስኪከፍት ድረስ ማንኳኳትና መናገር ነው። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የሚረዝም፤ ከሁሉም የሚያታክት መንገድ ነው። ዛሬ የምናገረውም በዚህ መንገድ ስለ ሄዱት ሰዎች ነው።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ነው። በ1947 በሰሜን አየርላንድ የወጣው የትምህርት ሕግ፤ ፈተና ያለፈ የድኻ ልጅ ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲማር ፈቀደ። በዚህ ሕግ መጀመሪያ ከተጠቀሙት ልጆች አንዱ በ1937 በደሪ ከተማ የተወለዱት ጆን ሂዩም ናቸው። አባታቸው ለብዙ ዓመታት ሥራ አጥ ነበሩ። ሂዩም ከልጅነታቸው አስታውሰው ደጋግመው ሲተርኩት የኖሩት አንድ ነገር አለ። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ወደ አንድ የናሽናሊስቶች የምርጫ ስብሰባ ሄደው፤ ተናጋሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለቡ የሕዝቡን ስሜት ሲቀሰቅሱ በዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣሣ። ልጁም ልቡ እንደ ተነካ አባትየው አይተው፤ «ልጄ ሆይ፤ በዚህ ነገር አትያዝ፤ ሰንደቅ ዓላማ አይበላም» አሏቸው። የልጅየው የፖለቲካ ትምህርት የመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሂዩም ትምህርታቸውን ፈጽመው በተወለዱበት ከተማ የፈረንሳይኛ ቋንቋና የታሪክ መምህር ሆኑ። በ1960 ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፤ ባንክ የማያበድረው ድኻ ከራሱ ከድኻው ገንዘብ የሚበደርበትን የቁጠባና የብድር ማኅበር በደሪ አቋቋሙ። በ1964 ደግሞ በደብሊን ጋዜጣ ባወጡት ጽሑፍ የገዛ ወገናቸውን መሪዎች ወቀሱ። የወቀሳቸውም ፍሬ ነገር፤ የናሽናሊስት መሪዎች ሲያማርሩ ኖሩ እንጂ አንድ ነገር አልሠሩም፤ የአየርላንድ አንድነትም የሰሜኑ ሕዝብ አብዛኛው ክፍል ሳይፈቅድ ሊመጣ አይችልም የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ከካቶሊክ ወገን ሆኖ መናገር ቀላል አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን እንደ መሸነፍ ቆጠረው። በ1965 መንግሥት ሁለተኛውን ዩኒቨርስቲ ከትልቋ ከደሪ ነሥቶ ኮልሬን ለተባለች ትንሽ ከተማ ሲሰጥ፤ ሂዩም የመሩት ኮሚቴ ካቶሊኩንም ፕሮቴስታንቱንም አንድ ላይ አሰልፎ በመኪና ሰልፍ እስከ ስቶርሞንት ድረስ ሄደ። ዩኒቨርስቲው ግን አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በጁን 1968 ካሌዶን በተባለች መንደር ለአንዲት ላላገባች የ19 ዓመት ፕሮቴስታንት ወጣት ቤት ሲሰጥ፤ ልጆች ያሏቸው የካቶሊክ ቤተ ሰቦች ግን ተራ ሲጠብቁ ቀሩ። የምክር ቤት አባል የነበሩት ኦስቲን ከሪ ወደዚያ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ፖሊስም አስወጣቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን «ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ፤ ቤትና ሥራም ያለ አድልዎ» የሚል የመብት ሰልፍ በደሪ ሲደረግ፤ ፖሊስ ሰልፈኛውን በዱላ ደበደበ። በሎንዶን ፓርላማ የቤልፋስት እንደራሴ የነበሩት ጄሪ ፊት ራሳቸው ተፈንክቶ ደም ሲፈስሳቸው በቴሌቪዥን ታየ። ሃምሳ ዓመት ያህል በስቶርሞንት ሲነገር ያልተሰማው አቤቱታ በአንድ ቀን በዓለም ሁሉ ተሰማ።

መንግሥት ጥቂት ማሻሻያዎችን ጀመረ። ነገር ግን ዘገየ። በኦገስት 1969 በደሪና በቤልፋስት ከባድ ሁከት ተነሥቶ ሰፈሮች ተቃጠሉ፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም ወደ ከተሞቹ ገቡ። ከሁከቱም ውስጥ፤ ሁለተኛውን መንገድ የመረጠው የአየርላንድ ሪፐብሊካዊ ጦር እንደ ገና ተደራጅቶ ወጣ። በፕሮቴስታንቱ ወገንም እንዲሁ የታጠቁ ቡድኖች ተነሡ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጠመንጃው መጮህ በጀመረበት በዚያ ሰዓት ነው ጆን ሂዩም፣ ጄሪ ፊት፣ ኦስቲን ከሪ፣ ፓዲ ዴቭሊን፣ ፓዲ ኦሃንለንና ፕሮቴስታንቱ አይቫን ኩፐር በኦገስት 1970 የሶሻል ዴሞክራቲክና የሠራተኛ ፓርቲን ያቋቋሙት። ጄሪ ፊት መሪ፤ ሂዩም ምክትል ሆኑ። የፓርቲው መሠረተ አሳብ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። የተከፋፈለው መሬቱ ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ መሬትን በጦር አንድ ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ የሕዝብን ልብ ግን በጦር አንድ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ «አገሪቱ የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ተትቶ፤ «በአገሪቱ የሚኖሩት ሰዎች እንዴት ይስማሙ?» የሚለው ይተካ አሉ።

ክቡራንና ክቡራት፤

የምናገረው ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው። መምህር የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ተማሪ መልሱ ሁልጊዜ አልመጣ ሲለው፤ አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተው መልሱ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ቆጥሮ ማሸነፍ የማይችል ተቃዋሚ ሌሎችን ሊያሸንፍ የሚችለው ጥያቄውን ሲለውጥ ነው። ነገር ግን ጥያቄን መለወጥ አንድ ሕግ እንደ ማውጣት በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፓርቲው ራሱ በሦስቱ መንገዶች መካከል ሲወላውል እናየዋለን። በጁላይ 1971 ወታደሮች በደሪ ሁለት ወጣቶችን ተኩሰው ሲገድሉና መንግሥት ገለልተኛ ምርመራ አላደርግም ሲል፤ ፓርቲው ከስቶርሞንት ወጣ። በኦገስት ወር መንግሥት ሰዎችን ያለ ፍርድ ማሰር ሲጀምር፤ ሕዝቡ የቤት ኪራይና ግብር እንዳይከፍል ፓርቲው ጠራ። በጃኑዋሪ 30 ቀን 1972 ደግሞ ወታደሮች በደሪ በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎችን ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። በማርች ወር ሎንዶን የስቶርሞንትን ምክር ቤት አገደች። በዚያ በአንዱ ዓመት ብቻ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ተገደለ።

ሆኖም በዲሴምበር 1973 ሳኒንግዴል በተባለ የእንግሊዝ አገር ስፍራ ስምምነት ተደረሰ። ዩኒየኒስቶችና ናሽናሊስቶች ሥልጣን ተካፍለው በአንድነት እንዲያስተዳድሩ፤ የሰሜንና የደቡብ የጋራ ምክር ቤትም እንዲቋቋም ተወሰነ። በጃኑዋሪ 1 ቀን 1974 ዩኒየኒስቱ ብራያን ፎክነር ዋና፤ ጄሪ ፊት ምክትል ሆነው አዲሱ መንግሥት ሥራ ጀመረ። መምህሩ ሂዩም የንግድ ሚኒስትር፤ በካሌዶን ከቤት በፖሊስ የተጎተቱት ኦስቲን ከሪ የቤቶች ሚኒስትር ሆኑ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ኦስቲን ከሪ ትናንት «ኪራይ አትክፈሉ» ካሉት ወገን ነበሩ፤ ዛሬ ግን ያልተከፈለውን ኪራይ የማስከፈል ኃላፊነት በእርሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከገዛ ወገናቸውም ብዙ ስድብ አተረፉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፤ ተቃዋሚ ሆኖ የተናገሩት ቃል ሚኒስትር ሲሆኑ ተመልሶ ይከስሳል።

ያም መንግሥት አምስት ወር ብቻ ቆየ። ሥልጣን ለካቶሊክ መካፈሉንና ይልቁንም የሰሜንና የደቡብን የጋራ ምክር ቤት አጥብቀው የጠሉ ፕሮቴስታንት ሠራተኞች በሜይ 1974 አድማ መቱ። የኤሌክትሪክ ኃይል እየቀነሰ ሄደ፤ መንገዶች ተዘጉ፤ የታጠቁ ሰዎችም ሥራ መግባት የሚሻውን አስፈራሩ። የሎንዶን መንግሥት አድማውን ሳያስቆም ቀረና፤ በ14ኛው ቀን ፎክነር ሥራቸውን ለቀቁ፤ መንግሥቱም ፈረሰ።

እንደ መምህርነቴ የተማሪውን ስሕተት ሳላሳይ ማርክ መስጠት አይገባኝም። ሳኒንግዴል የፈረሰው በአድመኞቹና በሎንዶን ድክመት ብቻ ነው ማለት እውነቱን ማጉደል ነው። ፓርቲው ዩኒየኒስቶቹ ሊሸከሙት ከሚችሉት በላይ በአንድ ጊዜ ጫነባቸው። ከፓርቲው መሥራቾች አንዱ የነበሩት ፓዲ ዴቭሊን በ1977 ከፓርቲው ተለዩ፤ ጄሪ ፊትም በ1979 መሪነቱን ለቅቀው ወጡ። ሁለቱም፤ ፓርቲው የሠራተኛውን ጉዳይ ትቶ የካቶሊክ ወገን ፓርቲ ብቻ እየሆነ ሄደ ብለው አዘኑ። ይህ ወቀሳ ከንቱ አልነበረም። በ1982 ሎንዶን አዲስ ምክር ቤት ስታቋቁምም ፓርቲው ተመርጦ ሳለ አልገባም ብሎ ወደ አሮጌው መንገድ፤ ጀርባ ወደ መስጠቱ ተመለሰ።

ነገር ግን ስሕተታቸውን ስንቆጥር የከፈሉትንም ዋጋ መቁጠር ይገባናል። ከፓርቲው መሥራቾች አንዱ የነበሩት ሴናተር ፓዲ ዊልሰን በ1973 በፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ተገደሉ። የኦስቲን ከሪ ቤት በተደጋጋሚ ጥቃት ደረሰበት። የጄሪ ፊት የቤልፋስት ቤት ደግሞ በ1983 የሪፐብሊካኑ ጦር ደጋፊዎች አቃጠሉት። ይህም ማለት፤ በመካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ይመታል ማለት ነው። ሂዩም ያለ ደመወዝ በቀሩባቸው ዓመታት አምስት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በባለቤታቸው በፓት ሂዩም የመምህርነት ደመወዝ ነው። ስለዚህ የዚያ ፖለቲካ አንዱ ክፍል በመምህርት ደመወዝ የተከፈለ መሆኑን ይህ ጉባኤ ቢያስታውሰው ተገቢ ነው።

ሂዩም የፓርቲው መሪ በሆኑበት በ1979 ለአውሮፓ ፓርላማም ተመረጡ። በስትራስቡርግ የራይንን ወንዝ በድልድይ ተሻግረው ወደ ጀርመን ሲሄዱ ያሰቡትን ነገር በኋላ ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። ፈረንሳይና ጀርመን ሚሊዮን በሚሊዮን ላይ ከተላለቁ ሠላሳና አርባ ዓመት ሳይሞላ፤ ሁለቱም ማንነታቸውን ሳይተዉ በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠዋልና፤ በትንሿ ደሴት ይህ የማይሆነው ለምንድን ነው? ብለው ጠየቁ።

ሁለተኛው መንገድ ግን ብዙ ወጣቶችን መሳቡን አልተወም። በ1981 አሥር እስረኞች ምግብ አንበላም ብለው በወህኒ ቤት ሲሞቱ፤ ከእነርሱም የመጀመሪያው ቦቢ ሳንድስ ከመሞቱ በፊት የሎንዶን ፓርላማ አባል ሆኖ ሲመረጥ፤ የሂዩም ፓርቲ በዚያ ምርጫ ዕጩ ሳያቀርብ ቀረ። ቢያቀርብ ከገዛ ሕዝቡ ጋር ይጣላ ነበር፤ ባያቀርብ ደግሞ ለጠመንጃ መንገድ ለቀቀ ተባለ። በ1983 የሪፐብሊካኑ የፖለቲካ ክንፍ ሺን ፌን በሰሜን ከተሰጠው ድምፅ 13 ከመቶ ሲያገኝ፤ የሂዩም ፓርቲ ያገኘው 18 ከመቶ ያህል ነበር። ከእንግዲህ ተቃዋሚው ሌላ ተቃዋሚ ነበረበት።

በኖቬምበር 1985 የሎንዶንና የደብሊን መንግሥታት በሂልስቦሮ ተፈራርመው፤ ደብሊን በሰሜኑ ጉዳይ አሳብ የመስጠት መብት አገኘች። ለዚህ ስምምነት መንገድ በመጥረግ ሂዩም ብዙ ደክመው ነበር። ዩኒየኒስቶች ግን «ሳንጠየቅ ተሸጥን» ብለው በብዙ ሺህ ሆነው አደባባይ ወጡ።

ከዚያም ሂዩም ብዙ ወዳጅ ያሳጣቸውን ሥራ ሠሩ። በ1988 ከሺን ፌን መሪ ከጄሪ አዳምስ ጋር መነጋገር ጀመሩ። ንግግሩ በ1993 ሲገለጥ በሎንዶንም በደብሊንም ጋዜጦች ተወገዙ፤ ከፓርቲያቸውም ውስጥ ያጉረመረሙ ነበሩ። «ከነፍሰ ገዳዮች ጋር የሚቀመጥ ሰው እጁን ያረክሳል» ተባለ። እርሳቸው ግን፤ 20,000 ወታደር ሊያቆመው ያልቻለውን ግድያ በንግግር ማቆም የሚቻል ከሆነ መናገር ግዴታዬ ነው የሚል መልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በቤልፋስት በሻንኪል መንገድ በሪፐብሊካኑ ጦር ቦምብ ንጹሓን ፕሮቴስታንቶች ተገደሉ። ከሳምንት በኋላ ፕሮቴስታንት ታጣቂዎች በግሬይስቲል መንደር በመጠጥ ቤት ተኩሰው ሰዎችን ገደሉ። ሂዩም በግሬይስቲል ቀብር ላይ ሲገኙ፤ የአንዱ ሟች ልጅ ቀርባ፤ የጀመሩት የሰላም ንግግር እንዲሳካ በአባቷ አስከሬን ዙሪያ ቤተ ሰቡ እንደ ጸለየ ነገረቻቸው። መሪው በሕዝብ ፊት አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳቸውን መውቀስ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም።

እዚህ ላይ ግን ሌላውን መምህር ማስታወስ አለብኝ። ማርክትሂል በምትባል ፕሮቴስታንት በሚበዛባት ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ሼመስ ማለን ከ1979 ጀምሮ የፓርቲው ምክትል መሪ ነበሩ። በእርሳቸው አውራጃ ሰው ሲገደል፤ ሟቹ ካቶሊክ ቢሆን ፕሮቴስታንት፤ ፖሊስ ቢሆን ገበሬ፤ ወደ ቀብሩ ይሄዱ፤ ገዳዩንም በግልጥ ይኮንኑ ነበር። ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ተሰደቡ። ሂዩም ወደ ዓለም መንግሥታት ሲመላለሱ፤ ማለን ከሬሳ ሳጥን ኋላ ይሄዱ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም ነበር።

በኦገስት 1994 የሪፐብሊካኑ ጦር ተኩስ አቆመ፤ በኦክቶበርም ፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ተከተሉ። ሰላሙ አንድ ጊዜ ተደናቅፎ እንደ ገና ከተነሣ በኋላ፤ በኤፕሪል 10 ቀን 1998፤ በምዕራባውያን ስቅለት ዓርብ፤ የቤልፋስት ስምምነት ተፈረመ። የሰሜኑ ሕዝብ አብዛኛው ክፍል ካልፈቀደ የአገሩ ሁኔታ እንዳይለወጥ፤ ቢፈቅድ ደግሞ ማንም እንዳይከለክለው ተወሰነ። መንግሥቱም ከሁለቱ ወገን በተመረጡ፤ ሥልጣናቸው እኩል በሆነ ሁለት መሪዎች እንዲመራ ተደነገገ። በሜይ ወር ሕዝቡ በሰሜን 71 ከመቶ፤ በደቡብ 94 ከመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ሂዩምና የዩኒየኒስቱ መሪ ዴቪድ ትሪምብል በዚያው ዓመት የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈሉ፤ ማለንም የመጀመሪያው ምክትል መሪ ሆኑ።

ይህ ስምምነት ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከፈረሰው ከሳኒንግዴል ጋር እጅግ የሚመሳሰል ስለ ነበር፤ ማለን እንደ አሮጌ መምህር ሆነው፤ «ይህ ትምህርት ቶሎ ለማይገባቸው ተማሪዎች የተዘጋጀ ሳኒንግዴል ነው» አሉ። አዳራሹ ይሥቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን ቃል ሳነብ አልሣቅሁም። በሁለቱ ስምምነቶች መካከል ባለው ጊዜ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰው ተገድሏል። በግጭቱ ዘመን ሁሉ የሞተው ደግሞ ከ3,500 ይበልጣል። በክፍላችን ተማሪ ቢዘገይ ዓመቱን ይደግማል፤ በመንግሥት ጉዳይ መዘግየት ግን የሚከፈለው በሌላ ሰው ሕይወት ነው።

እንግዲህ ፓርቲው ምን አተረፈ? በ2003 በተደረገው ምርጫ ሺን ፌን 24 መቀመጫ ሲያገኝ፤ የሂዩም ፓርቲ 18 ብቻ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቀዳሚነቱን አላስመለሰም። ወደ ሰላም ጠረጴዛ በእጃቸው ስበው ያመጧቸው ሰዎች ጠረጴዛውን ወረሱት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ማለንና ሂዩም ሁለቱም በ2020፤ አንዱ በጃኑዋሪ ሌላው በኦገስት ዐረፉ። በፌብሩዋሪ 2024 ከሺን ፌን ወገን የሆኑት ሚሸል ኦኒል የመንግሥቱ ቀዳሚ መሪ ሆነው ሲሾሙ፤ የሂዩም ፓርቲ በ2022 ያገኛቸውን 8 መቀመጫዎች ይዞ በስቶርሞንት በሕግ የታወቀውን የተቃዋሚነት ስፍራ ያዘ።

አንዳንዶች ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የፓርቲው ሚዛን የመቀመጫው ቁጥር ከሆነ በእርግጥ ወድቋል፤ ከመጀመሪያው ግን ቆጥሮ ለማሸነፍ አልተነሣም። ሚዛኑ ጥያቄውን መለወጡ ከሆነ፤ ዛሬ በዚያች አገር ዩኒየኒስቱም፣ ሪፐብሊካኑም፣ ሎንዶንም፣ ደብሊንም የሚናገሩት ቃል በ1964 አንድ የደሪ መምህር በጋዜጣ ጽፎ የተወቀሰበት ቃል ነው። ተቃዋሚ ከዚህ የሚበልጥ ድል የለውም፤ የራሱ ቃል የማን እንደ ሆነ እስኪረሳ ድረስ በሁሉም አፍ መገኘቱ ነው። ጠቡም ፈጽሞ አልቆመም፤ በቤልፋስት ሁለቱን ሰፈሮች ለመለየት የተሠሩ ግንቦች ከስምምነቱ ሃያ አምስት ዓመት በኋላም ቆመው ነበር፤ ልጆቹም በአብዛኛው በየወገናቸው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። የቀረው ሥራ የእንደራሴዎች ሳይሆን የመምህራን እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት አያስቸግርም።

ክቡራንና ክቡራት፤

መምህር የዘራውን ሲታጨድ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያስተማረው ልጅ ሲያልፍለት የመምህሩን ስም ላያነሣ ይችላል፤ የተማረውን ነገር ግን ይዞት ይኖራል። ሂዩምና ማለን የክፍሉን በር ዘግተው ወደ ምክር ቤት ሲሄዱ ሙያቸውን የለወጡ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ያስተምሩ እንደ ነበር አምናለሁ። ክፍሉ ብቻ ሰፋ፤ ተማሪዎቹም ዘገዩ፤ የዘገዩትንም እስኪገባቸው ድረስ ጠበቋቸው።